ፊት የሌለው መልአክ

የሰፈራችንን ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን የተሳለመ ሰው ሁሉ ያንን ግድግዳ ያውቀዋል። ከመቅደሱ በምዕራብ በኩል፣ ከፍ ብሎ፣ ሕፃኑ ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ በሚፈላ የብረት ጋን ውስጥ ቆመው ተሥለዋል፤ ከጋኑ ሥር አንድ ወታደር እንጨት ይማግዳል። ከበላያቸው እሳቱን ሊያበርድላቸው የወረደው መልአክ አለ። ክንፉ አለ፣ ልብሱ አለ፣ በራሱ ዙሪያ የወርቅ አክሊሉ አለ። ፊት ግን አልነበረውም። ፊቱ መሆን በነበረበት ቦታ ነጭ ጀሶ ነበር። ሰዉ ጣራው አፍስሶ ዝናብ አጠበው ይላል። ዝናብ ክንፉን ትቶ ፊት ብቻ መርጦ ያጥባል እንዴ? እኔ ግን እውነቱን እያወቅሁ ዝም ብዬ ኖሬያለሁ።

አሁን ሥዕል በቃኝ። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ሻይ እንኳ ሳልደፋ አልጠጣም። ለሠዓሊ ጡረታ የሚባል ነገር የለም፤ ብሩሹን ማስቀመጥ ነው ጡረታው። ደግሞስ ማን ሠዓሊ ይፈልጋል? ከውጭ አገር ታትሞ የመጣ የወረቀት ሥዕል በየሱቁ ተንጠልጥሏል፤ ጉንጩ ቀይ፣ ፀጉሩ ብጫ፣ አራት ሚስማር ይበቃዋል። ባለፈው ሰሞን የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር ቤቴ ድረስ መጣ። መሥሪያ ቤት የሚውል፣ ክራባት የማይለየው ጨዋ ልጅ ነው። ግድግዳው ለበዓሉ ሊታደስ ነው፤ የመልአኩን ፊት ወይ እርስዎ ይጨርሱልን፣ ወይ የታተመውን እንለጥፍበት፣ አለኝ። ላስብበት አልኩት። አንድ ፊት ለመሣል ምን የሚታሰብ ነገር አለ ብሎ ነው መሰል ፈገግ አለ። አልፈረድኩበትም። ያ ፊት ምን ዓይነት ፊት መሆን እንዳለበት ሳላውቅ ስንት ዘመን እንደኖርኩ በምን ያውቃል?

ሥዕል የገባሁት በቆዳ በኩል ነው። ሰንጋ ተራ ቆዳ ነጋዴ ነበርኩ፤ ነጋዴ ማለት እንኳ ይበዛብኛል፣ ቁርጥራጭ ለቃሚ በሉት። አለቃ ንጋቱ የሚባሉ ከጎጃም የመጡ ሠዓሊ ለሙጫ የሚያፈሉትን የበሬ ቆዳ ከእኔ ይገዙ ነበር። አንድ ቀን የፍየል ቀላቅዬ ሰጠኋቸው። በማግስቱ መጡ። አልተቆጡም። እጄን ይዘው ኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ወደሚሠሩበት ቦታ ወሰዱኝና ሙጫውን አስነኩኝ። ሙጫ ደረሰ የሚባለው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል ይዘህ ስትለቀው ክር ሲያወጣ ነው። የኔው ውሃ ነበር። «በዚህ የተለጠፈች ማርያም ክረምቱ ሳይወጣ ከግድግዳ ትወርዳለች። ያን ጊዜ ኃጢአቱ የማን ነው?» አሉኝ። የዚያኑ ሰሞን ቆዳውን ትቼ ከሳቸው ጋር ሆንኩ።

ሥራው እንዲህ ነው። አቡጀዲ በሙጫ ከጭቃው ግድግዳ ጋር ይለጠፋል፤ በላዩ ጀሶ ይለሰናል። ሲደርቅ በከሰል ይነደፋል። ቀዩ ተነጥሮ የተፈጨ አፈር ነው፣ ጥቁሩ የኩራዝ ጥላሸት፣ ሰማያዊው ከህንዶቹ ሱቅ የሚገዛ። ሁሉም በእንቁላል አስኳል ይለወሳል። አክሊሉ ይቀድማል፣ ልብስ ይከተላል፣ ከዚያ እጅ፣ ከዚያ ፊት። ዓይን የሁሉም መጨረሻ ነው።

ዓይን ደግሞ ሕግ አለው። ጻድቅ ሙሉ ፊቱን ይሰጥሃል፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ሰይጣን፣ ከሃዲ፣ ሰማዕት የሚገድል ወታደር ግን በጎን ነው የሚሣል፤ አንድ ዓይን ብቻ። ይህን የማያውቅ ምእመን የለም። ፊደል ያልቆጠረች ባልቴት እንኳ ቀና ብላ አይታ ማንን መሳለም፣ ማንን መርገም እንዳለባት ታውቃለች። ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ ጠየቅኋቸው። ክፉ ሰው ዓይን ለዓይን አያይህም፣ ፊቱን ያዞራል፣ ብለው መለሱልኝ። ያን ጊዜ አመንኳቸው፤ ራሳቸውም ያምኑት ነበር።

አለቃ ዓይን በሚከፍቱበት ቀን እህል አይቀምሱም፣ ከሰው ጋር አይነጋገሩም። ብሩሹን በጥርሳቸው እያሾሉ መሰላል ላይ ይውላሉ። ሲጨርሱ ይወርዱና ነጠላቸውን አጣፍተው እጅ ይነሣሉ። ከዚያ ሥዕሉን «እንኳን ደህና መጣህ» ይሉታል። መጀመሪያ የሰማሁ ጊዜ ሣቄ አመለጠኝ። «ምን ያሥቅሃል? አሁን ገና ዓይኑን ገልጦ አየን እኮ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ እኔም ከኋላቸው ቆሜ እጅ እነሣ ጀመር።

የቂርቆስን ግድግዳ የጀመርነው ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ነው። አለቃ ሚስታቸው ሞታባቸው ከልጃቸው ከአስካለ ጋር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብላ ባለች የሣር ቤት ይኖሩ ነበር። የአስካለ ባል ማይጨው ዘምቶ አልተመለሰም። የተረፋት ታደለ ነው፤ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር፤ የቂርቆስ እኩያ። አለቃ ሕፃኑን ቂርቆስን ሲሥሉ የልጅ ልጃቸውን ፊት ነው የሣሉት፤ ቁንጮውን እንኳ አልተዉም። የንስሐ አባታቸው አባ ክንፈ አይተው ቂርቆስ ቁንጮ ነበረው የሚል የት አነበቡ ብለው ቀለዱባቸው። አለቃ እየሣቁ፣ ማን ላጨው ታዲያ፣ አሉ። ለጥር በዓል የእናትና የልጁ ሥዕል አለቀ። የመልአኩን ፊት ከበዓል በኋላ በረጋ መንፈስ እንሠራዋለን ተባለና ቆየ።

በዚያው ወራት ካርሎ የሚባል ጣሊያን ይመላለስብን ነበር። ከእኛ ማዶ፣ ዛሬ ካዛንቺስ በሚባለው ሜዳ ላይ፣ ለሹማምንቶቻቸው ቤት ሊሠሩ መሬት ይለካሉ፤ እሱ የግንበኞች ካፖ፣ የሠራተኛ አለቃ ማለት ነው፣ ሆኖ ነው የመጣው። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ባርኔጣውን ያወልቃል፣ በነሱ ደንብ ያማትባል፣ ቆሞ ሥራችንን ያያል። ከአለቃ ትንንሽ የብራና ሥዕል ገዝቷል። ለታደለ ካራሜላ ያመጣለታል፤ ትከሻው ላይ አስቀምጦ ቅጥሩን ያዞረዋል። አስካለ አልወደደችውም። ልጄን ከእጁ አውርዱልኝ ስትል አለቃ፣ ተይው፣ እሱም የክርስቲያን ልጅ ነው፣ ይሏታል።

የካቲት አሥራ ሁለትን አልዘረዝርም። ያየ አይቶታል፤ ላላየ ቢነገረውም አይገባውም። እኔና አለቃ ከቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለመልአኩ ልብስ ሰማያዊ እየለወስን ነበር። ተኩስ ሰማን፤ ቆይቶ ጭስ ሸተተን። አለቃ ብሩሹን እንደያዙ ወጡ። ተከተልኳቸው። ወደ ቤታቸው በሚወስደው ቅያስ ስንደርስ ከጎረቤት የቅንጭብ አጥር ኋላ ጎትቼ ጣልኳቸው፤ ጥቁር ሸሚዝ የለበሱት ፋሺስቶች ግቢው ውስጥ ነበሩ። በሩን ከውጭ በአጣና ቀርቅረውታል። ክዳኑ ይነድዳል። የቤንዚን ቆርቆሮውን የያዘው ካርሎ ነው።

መጀመሪያ የምንሰማው የሕፃኑን ድምፅ ነበር። ከዚያ የአስካለን። አባቷን አልጠራችም። «ቂርቆስ ድረስ! ቂርቆስ ድረስ!» ነው ያለችው። አለቃ ሊነሡ ታገሉኝ፤ አፋቸውን በእጄ አፍኜ በላያቸው ተኛሁባቸው። ያን ጊዜ ካርሎ ዞረና በቅንጭቡ መሀል አየን። ሙሉ ፊቱን ነው የሰጠን፤ በሁለት ዓይኑ ነው ያየን። ማን እንደሆንን አውቋል። ጥቂት ቆመ፤ ለሌሎቹ ምንም አልተናገረም። ቆርቆሮውን አነሣና ወደሚቀጥለው ቤት ሄደ። የአስካለ ድምፅ ያን ጊዜ ቆሞ ነበር።

እናትና ልጁን ተቃቅፈው አገኘናቸው። አባ ክንፈ በድብቅ መጥተው ፍትሐት በለሆሳስ አደረሱና ቀበርናቸው። አለቃ እንባ አልወጣቸውም። እኔ ቤት አስጠጋኋቸው፤ ግድግዳ ግድግዳ እያዩ ሰነበቱ። ሰው ሊያጽናናቸው ሲመጣ፣ እግዜር ሰጠ እግዜር ነሣ ሲላቸው፣ አዎ ይላሉ። ሲሄድ ወደ እኔ ይዞሩና፣ መስጠቱንስ ይስጥ፣ በቤንዚን ነው እንዴ የሚነሣው፣ ይሉኛል። ምን ልበል?

ጾሙ ሲገባ አንድ ጠዋት ተነሥተው ወደ ሥራ እንሂድ አሉኝ። ደስ አለኝ፤ የዳኑ መስሎኝ። መሰላሉን አቆምኩላቸው። መጀመሪያ ከጋኑ ሥር እንጨት የሚማግደውን ወታደር ነኩት። በጎን የተሣለ፣ ባለ አንድ ዓይን ነበር። ፊቱን በጀሶ ሸፍነው ከፊት ለፊት ሣሉት። ጢሙን፣ አገጩን፣ ሁለቱን ዓይኖች። ካርሎ ነበር። ቀጥለው ወደ መልአኩ ወጡና በከሰል ፊት ነደፉለት። መልአኩ ፊቱን ከጋኑ አዙሯል። በጎን ነው። አንድ ዓይን ነው ያለው።

አባ ክንፈ ሲመጡ ቀና ብለው አዩ። ከዚያ በቀስታ፣ «አለቃ፣ መልአኩን እንደ ሰይጣን ሣሉት እኮ» አሉ።

«አልሰደብኩትም፣ አባቴ። ምሕረት ነው ያደረግሁለት» አሉ አለቃ ከመሰላሉ ላይ ሳይወርዱ። «ፊቱን አዙሮ ካላየ ይቅር እለዋለሁ። ሌላ ቦታ ተልኮ ነው፣ ሰው በዝቶበት ነው እላለሁ። እያየ ከነበረ ግን፣ አስካለ ስትጣራ እየሰማ ከነበረ፣ ከእንግዲህ ለማን ነው የምጸልየው?»

አባ ክንፈ እግዚአብሔር የማያየው ነገር እንደሌለ፣ ይህንንም አለቃ ራሳቸው እንደሚያውቁት ነገሯቸው።

«አውቃለሁ። ቸር እንደሆነም ተምሬያለሁ። ሁለቱን ባንድ ፊት ላይ መሣል ነው ያቃተኝ። እርስዎ የሚችሉበት ከሆነ ብሩሹ ይኸው።»

ብሩሹን ቁልቁል ዘረጉላቸው። አባ ክንፈ አልተቀበሉም። ቂርቆስም እኮ በመጨረሻው በሰይፍ ነው የሞተው፣ አክሊል ያለ መከራ አይገኝም፣ አሏቸው። አለቃ መሰላሉን ወረዱና ፊት ለፊታቸው ቆሙ።

«ቂርቆስ ሲሞት መልአኩን አይቶ ነው የሞተው። ታደለ ማንን አየ? ካርሎን።»

አባ ክንፈ ክፉ ሰው አልነበሩም። በእልቂቱ ሳምንት ስንት ሰው እንደቀበሩ እሳቸው ናቸው የሚያውቁት። ከመሰላሉ ሥር ቁጭ ብለው፣ ነጠላቸውን በፊታቸው ላይ ጥለው አለቀሱ። አለቃ ሲያለቅሱ አዩአቸውና ራሩላቸው መሰለኝ፣ ጨርቅ በውሃ ነክረው ወጡና የመልአኩን ፊት አጠቡት። ነጩ ጀሶ ብቻ ቀረ። እንጨት የሚማግደውንም ወደ ቀድሞው እንዲመልሱት አባ ክንፈ ለመኗቸው። እሱን እምቢ አሉ። ያንን አይቻለሁ፣ ያየሁትን አላጠፋም፣ አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ አለቃ ብሩሽ አልያዙም።

እንግዲህ መብላት አለብን፤ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ቆሟል። እኔ ካዛንቺስ ወረድኩ። ቤቶቹ እየተሠሩ ነበር፤ ቀቢ ይፈለጋል ተባለ። ደመወዙ በሊሬ ነው፤ ለእህል ይበቃል። ኖራውን በውሃ አጥፍቶ ማሳደር፣ በጨርቅ ማጥለል፣ ግድግዳውን ሁለት እጅ መቀባት፣ የመስኮቱን እንጨት አረንጓዴ ማድረግ። ሥዕል የለበትም፤ ነጭ ግድግዳ ነው ቀኑን ሙሉ። ካፖው ካርሎ ነበር። ሌላ እንጀራ ብፈልግ አጣሁ። ጠዋት ሲያየኝ ሰላም ይለኛል። አንድ ቀን ሲጋራ ሰጠኝና «ሽማግሌው እንዴት ናቸው?» አለኝ፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው። ደህና ናቸው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ ያዘነ ይመስል ነበር። ያ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። አውሬ ቢሆን፣ ቀንድ ቢኖረው፣ እንዴት ባረፍኩ።

ለትንሣኤ ቤተ ክርስቲያን መጣ። ባርኔጣውን አወለቀ፣ አማተበ፣ ከግድግዳው ሥር ቆመ። የራሱን ፊት ቀና ብሎ አየው። አለቃን ይዞ ይሄዳል ብዬ ፈራሁ። «ቤሎ» አለ፤ ያምራል ማለቱ ነው። ደግሞ «ቤሎ» አለና ወጣ። ራሱን አውቆት ይሁን ሳያውቀው አላውቅም። እንግሊዞች ሲገቡ ከሌሎቹ ጋር ተማርኮ በካሚዮን ተጫነ። መንገድ ዳር ቆሜ ነበር፤ ሲያየኝ እጁን አነሣልኝ። አገሩ ገብቶ፣ ሚስቱን ልጆቹን ስሞ፣ አርጅቶ ሞቶ ይሆናል። ማን ጠየቀው?

አለቃ ያንን አላዩም። ጣሊያን ሳይወጣ፣ በክረምት፣ ሳንባቸው ታሞ እኔ ቤት አረፉ። አባ ክንፈ ሊያቆርቧቸው መጥተው ነበር፤ አለቃ በትሕትና እምቢ አሉ። ከተጣላሁት ጋር ከማዕድ አልቀርብም፣ ሳንታረቅ መቁረብ ድፍረት ነው፣ አሉ። አባ ክንፈ ሙሉ ቀን አብረዋቸው ተቀምጠው ሳይሆንላቸው ቀረ። ማታ ላይ አለቃ እጄን ያዙ።

«ተሰማ፣ ያንን ፊት ካወቅኸው ሣለው። ካላወቅኸው ተወው። ባዶው አይዋሽም።»

አደራ ነው። ነጻነት መጣ፣ ሥራ በዛ። ስንት ቤተ ክርስቲያን ሣልኩ፣ ስንት ገብርኤል፣ ስንት ሚካኤል፤ ሁሉንም በሁለት ዓይን፣ በሙሉ ፊት። እጄ ነው የሠራቸው፤ ልቤ አልነበረበትም። ሲያልቁ እጅ እነሣለሁ፣ እንኳን ደህና መጣህ እላለሁ፤ የለመደ አፍ ነው። የኛን ግድግዳ ግን መንካት አልቻልኩም። ሰባኪ ስሰማ ቀርቤ እጠይቃለሁ። አንዱ በኃጢአታችን ነው አለኝ፤ የሦስት ዓመት ልጅ ምን ሠርቶ አልኩት። አንዱ ፈተና ነው አለኝ፤ ተፈታኙ ከሞተ ፈተናው ለማን ነው አልኩት። አንዱ ደግሞ ጋሼ ተሰማ ይህን ሁሉ አይመርምሩ፣ ብሎ መከረኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፣ አልለቅ አለኝ። እጾማለሁ፣ አስቀድሳለሁ። ጸሎት ስጀምር ግን ያ ነጭ ቦታ ፊቴ ይመጣል። ከሥሩ ደግሞ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ? ባልቴቶቹ ሁለት ዓይን ያለው ጻድቅ ነው ብለው ካርሎን ይሳለሙታል። ስንት ጊዜ ልከለክላቸው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

ሊቀመንበሩ የታተመው ይለጠፍ ካለ በኋላ ያለውን ሰሞን እንቅልፍ አጣሁ። አላወቅሁትም እኮ። አለቃ ካላወቅኸው ተወው ብለውኛል። ብተወው ደግሞ ያ ጉንጨ ቀይ ወረቀት ሊመጣበት ነው፤ ታደለ ላይ፣ አስካለ ላይ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ፈገግ ሊልባቸው። በጎን ልሣለው ብዬ አሰብኩ፣ አለቃ የነደፉትን ፊት ልመልስላቸው። ግን ፊቱን ካዞረ፣ እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ስከራከር የኖርኩት ከማን ጋር ነው? ዘወር ያለን ሰው ምን ብለህ ትጠይቀዋለህ? ቸር መሆኑን አላወቅሁም፤ ይህን ዛሬም አላውቅም። የሚጠየቅ ፊት እንዲኖረው ብቻ ፈለግሁ።

እህል ሳልቀምስ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ራሱ ክራባቱን ወደ ኋላ ጥሎ መሰላሉን ያዘልኝ። ቀኝ እጄን በግራ እጄ ደግፌ ሣልኩት፤ ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ አፉን። ዓይኖቹን መጨረሻ ላይ፣ ሁለቱንም፣ ቁልቁል ወደ ጋኑ እንዲያዩ። ጥላሸቱን የለወስኩት አለቃ እንዳስተማሩኝ ነው። እጄ በተንቀጠቀጠበት ቦታ የግራው ትንሽ ወፍሯል እንጂ ደህና ወጥተዋል።

ወረድኩ። ነጠላዬን አጣፋሁ፣ እጅ ነሣሁ። እንኳን ደህና መጣህ ልለው አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣም አለኝ።

«የት ነበርክ?» አልኩት።

ሊቀመንበሩ መሰላሉን ለቆ ከጎኔ ቆመ። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ እሄዳለሁ፣ ከሥሩ እቆማለሁ፣ ያንኑ እጠይቀዋለሁ። በሁለት ዓይኑ ያየኛል። እስካሁን አልመለሰልኝም።